በመዝናኛ ጠለቃ ሙያ መጀመር፦ ከዳይቭማስተር እስከ አሠልጣኝ ያለውን መንገድ የምታውቁ ምከሩኝ

አዲስ ጠላቂ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። በስኩባ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ) መጥለቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በጠለቃ መዝገቤ ላይ 34 ጠለቃዎች ሰፍረዋል፤ ከመጀመሪያው የኦፕን ዋተር ኮርስ ቀጥሎ ያለውን የአድቫንስድ ሰርተፊኬትም ይዣለሁ። አሁን 39 ዓመቴ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የሠራሁበትን የቢሮ ሥራ ለቅቄ በዚህ ሙያ ለመተዳደር በብርቱ እያሰብኩ ነው። ውሳኔው ቤተሰቤንም የሚነካ ስለሆነ፣ ከማስታወቂያ ይልቅ በሥራው ውስጥ ከኖሩ ሰዎች መስማት እፈልጋለሁ።

የትኛውን የሥልጠና ድርጅት ብመርጥ ይሻላል? አንድ የጠለቃ ማዕከል የዳይቭማስተር (ጠላቂዎችን በውሃ ውስጥ የሚመራ ባለሙያ) ሥልጠናውን ያለ ክፍያ ሊሰጠኝ፣ በምትኩም ለሦስት ወር ላገለግለው ሐሳብ አቅርቦልኛል፤ ይህ ጤናማ አሠራር ነው? በዕድሜዬ ዘግይቼ ይሆን? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሰው በዚህ ሥራ ኑሮውን መምራት ይችላል ወይ? ለምትሰጡኝ ምክር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ሃያ ዓመት በባሕር

እንኳን ደህና መጡ። ያነሷቸው ጥያቄዎች ሁሉ ተገቢ ናቸው፤ ሆኖም ከእነሱ በፊት ራስዎን ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። መጥለቅ ነው የሚወዱት ወይስ በውሃ ውስጥ ሰውን መጠበቅ? እኔ አሠልጣኝ ሆኜ ከሠራሁባቸው ዓመታት አብዛኛውን ያሳለፍኩት ጥልቀቱ ከ6 ሜትር በማይበልጥ ውሃ ውስጥ፣ ከአሸዋው በላይ ተንሳፍፌ የሰው ዓይን በመመልከት ነው። ኤሊ በጀርባዬ በኩል ስታልፍ ተማሪዎቼ አይተዋት እኔ ሳላያት የቀረሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ይህም አስቆጭቶኝ አያውቅም፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ዓይኔ መሆን የነበረበት እነሱ ላይ ነበር።

ነገሩን በቅርበት ላሳይዎት። ተማሪው ማስኩ ውስጥ ውሃ አስገብቶ በአፍንጫው አየር በማውጣት ማጽዳትን መማር አለበት። አንድ ጎልማሳ ተማሪ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ይህንን ያለ እንከን ሠርቶ ነበር። ባሕር ውስጥ ገብተን ገና ተራው ሳይደርስ የግራ እጁ ጣቶች የቢሲዲውን (አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፈው የጠላቂ ጃኬት) የአየር መሙያ ቱቦ ጭብጥ ሲያደርጉት አየሁ። ቀደም ሲል በየአምስት ሰከንዱ ይወጣ የነበረው አረፋ ሳይቋረጥ ይወጣ ጀመር፤ ዓይኑም እኔን ትቶ ወደ ላይ፣ ወደ ብርሃኑ ዞረ። የእጅ ምልክት ለመስጠት አልሞከርኩም፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ምልክት የሚያነብ አእምሮ አልነበረውም። ተጠግቼ የቢሲዲውን የትከሻ ማሰሪያ ያዝኩ፣ ፊቴን ከፊቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አድርጌ በዝግታ መተንፈስን በእጄ እንቅስቃሴ አሳየሁት። በ6 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ገጽ 1.6 እጥፍ ነው፤ ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ ቢፈናጠር ኖሮ በሳንባው ውስጥ ያለው አየር በዚያው ልክ ሊሰፋ ይፈልጋልና ሳንባው ሊቀደድ ይችል ነበር። አራት ወይም አምስት ጊዜ አብረን ከተነፈስን በኋላ ጣቶቹ ላሉ። በዚያ ቀን ማስኩን እንዲያጸዳ አልጠየቅሁትም፤ በማግሥቱ ራሱ ጠይቆኝ አደረገው።

ሥራው ይህ ነው። ይህንን አንብበው ልብዎ ወደዚያ ከሳበዎት መንገዱን እንነጋገር።

በፓዲ (ከጠለቃ ሥልጠና ድርጅቶች አንዱ ነው) ሥርዓት ከሄዱ፣ አሁን ካሉበት ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ዕርዳታና የልብና ሳንባ ማነቃቂያ ሥልጠና፣ ከዚያም የሬስኪዩ ዳይቨር (የነፍስ አድን ጠላቂ) ኮርስ ነው። የሙያው የመጀመሪያ እርከን የሆነውን ዳይቭማስተርን ለመጀመር 18 ዓመት የሞላዎትና 40 ጠለቃዎች የመዘገቡ መሆን አለብዎት፤ ሲጨርሱ ቁጥሩ 60 መድረስ አለበት። ባለፉት 12 ወራት ውስጥ በሐኪም የተፈረመ የጤና ማረጋገጫም ይጠየቃሉ። በውሃ ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ 400 ሜትር መዋኘት፣ 15 ደቂቃ መንሳፈፍ፣ በማስክና በፊን (የእግር መቅዘፊያ) 800 ሜትር መሄድ፣ እንዲሁም ራሱን የሳተ ሰው የሚመስል ጠላቂን 100 ሜትር መጎተት አለ። ሰዎች ዋናውን ሲፈሩ ይታያሉ፤ በእኔ እምነት ግን ዋና በልምምድ የሚስተካከል ነገር ነው። ዳይቭማስተርን ከተራ ጠላቂ የሚለየው ቡድን ወደ ውሃ ከመግባቱ በፊት የሚሰጠው ማብራሪያና የጠለቃውን ቦታ አስቀድሞ የማንበብ ችሎታ ነው፤ ጅረቱ ወዴት ይሄዳል፣ ጀልባዋ የት ትቆማለች፣ የመጀመሪያው ሰው አየር ሲያልቅበት ሌሎቹ የት ላይ ይሆናሉ የሚለውን ማለቴ ነው።

ከዚያ በላይ ያለው የአሠልጣኝነት ኮርስ ነው። ወደ ፈተናው ለመቅረብ 100 ጠለቃዎች ያስፈልጋሉ፤ ከመጀመሪያው ሰርተፊኬት በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ማለፍ አለበት። ፈተናውን የሚሰጠው ያሠለጠነዎት ሰው ሳይሆን ከድርጅቱ የሚላክ ፈታኝ መሆኑን በጣም እደግፋለሁ።

ማዕበል

ከላይ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ እኔ በድርጅት ምርጫው ላይ ብቻ ልጨምር። ፓዲ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ኤስኤስአይ ደግሞ በ1970 በአሜሪካ የተመሠረቱ ሲሆን፣ ሲማስ በ1959 የተቋቋመ የብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ኅብረት ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱም ከኢንጂነር ኤሚል ጋኛን ጋር በ1943 አኳላንግን (በውሃ ውስጥ መተንፈሻ መሣሪያ) የሠራው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ነበር። የሥልጠናዎቹ ይዘት ከምናስበው በላይ ይመሳሰላል። ዓለም አቀፍ ደረጃም አለው፤ አይኤስኦ 24801 የጠላቂዎችንና የጠለቃ መሪዎችን፣ አይኤስኦ 24802 ደግሞ የአሠልጣኞችን ዝቅተኛ መስፈርት ይደነግጋል።

ለሥራ ፈላጊ ትልቁ ልዩነት ከሌላ ቦታ ይመጣል። የፓዲ አሠልጣኝ በማንኛውም ማዕከል ሥር ሳይሆን በግሉም ተማሪ ማሠልጠንና ማስመዝገብ ይችላል። በኤስኤስአይ ግን አሠልጣኙ የሚሠራው በድርጅቱ ከታወቀ የሥልጠና ማዕከል ጋር ተያይዞ ነው። ወደፊት ለብቻዎ ለመሥራት ካሰቡ ይህ ይመለከትዎታል። በማዕከል ተቀጥረው ለመቆየት ካሰቡ ግን የሚሠሩበትን አካባቢ አስቀድመው ይምረጡና፣ እዚያ ያሉ ማዕከላት የትኛውን እንደሚጠቀሙ አይተው ይወስኑ። ከአንዱ ወደ ሌላው የመሸጋገሪያ ሥልጠና ስላለ ምርጫው የዕድሜ ልክ ውል አይደለም። ያሠልጣኝዎ ማንነት ግን ከሰርተፊኬቱ አርማ ይበልጣል፤ ሲያሠለጥን ሄደው ይመልከቱት።

የኮምፕረሰር ክፍል

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ሰዎች ብዙም ስለማያወሩት ክፍል ልናገር። አንድ ማዕከል ሁለት እኩል የሚያስተምሩ አመልካቾች ቢቀርቡለትና አንደኛው ኮምፕረሰር ማሠራት፣ ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን አየር ወደ አፍ የሚያደርስ መሣሪያ) መፍታትና የጀልባ ሞተር ማስነሣት የሚችል ቢሆን የሚቀጠረው እሱ ነው። ይህንን የምለው ለአሥራ አንድ ዓመት በዚያ ክፍል ውስጥ ስለሠራሁ ነው።

አየር የምንሞላበት ኮምፕረሰር የሚስበውን አየር የሚያገኝበት ቱቦ አፉ የት ላይ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ለሌላ ሰው ሲሊንደር መሙላት የለበትም። የሞተር ጭስ በነፋስ ተገፍቶ ወደዚያ አፍ ከገባ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየሩ ጋር ይጨመቃል። ሽታም ቀለምም የለውም። በውሃው ገጽ ላይ ሰውን ያልጎዳ መጠን፣ ግፊቱ የገጹን ሦስት እጥፍ በሚሆንበት በ20 ሜትር ላይ የሚያሳድረው ጉዳት ሌላ ነው። አንድ ጠዋት ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሮ የጀነሬተሩ ጭስ ወደ ቱቦው ሲሄድ ያስተዋለው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነበር፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሲሊንደር እደረድር ነበር። በዚያ ሰዓት ተሞልተው የነበሩትን ዘጠኝ ሲሊንደሮች አፍስሰን እንደገና ሞላን፤ ደንበኞች አንድ ሰዓት ዘገዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፕረሰሩን ከማስነሣቴ በፊት ወጥቼ ነፋሱን በፊቴ ላይ ሁልጊዜ እለካለሁ።

ሌላው መሣሪያ ማጠብ ነው። ሬጉሌተርን በንጹሕ ውሃ ከማጥለቅዎ በፊት የፈርስት ስቴጁ (ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጠመው ክፍል) መክደኛ በደንብ ደርቆ መገጠም አለበት፤ ውስጡ አንዲት ጠብታ ካለች ወደ ማጣሪያው ትገባና ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝገት ታመጣለች። በገንዳው ውስጥ ሳለም የሴከንድ ስቴጁን (አፍ ውስጥ የሚያዘው ክፍል) የአየር ቁልፍ አይጫኑ፤ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አዲስ የተቀጠረ ሰው ሥነ ሥርዓቱ የሚታየው ጀልባዋ ከተመለሰች በኋላ፣ ሁሉም ደክሞት ሳለ፣ በማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ነው።

ጉልበቱንም ያስቡበት። በብዛት የምንጠቀምበት ባለ 11.1 ሊትር የአሉሚኒየም ሲሊንደር ባዶውን 14 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ውስጡ በ207 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) የተጨመቀው አየር ራሱ ከሁለት ኪሎ በላይ ይጨምርበታል። በሥራ በሚበዛበት ቀን ያንን ከኮምፕረሰሩ ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባም መልሶ ብዙ ጊዜ ማንሣት አለ። ሲያነሡ ከጉልበትዎ በርከክ ብለው እንጂ ወገብዎን አጥፈው አይሁን፤ ከዚህ ሙያ ሰው የሚያስወጣው ከባሕሩ ይልቅ ወገብ ሆኖ አይቻለሁ።

ፈጣን መንገድ

ከጀማሪነት እስከ አሠልጣኝነት ያለውን መንገድ በአጭሩ በሚፈቀደው ጊዜ ያለፍኩ ሰው ነኝና፣ ለዚያ መንገድም አንድ ቃል መናገር ተገቢ ይመስለኛል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ማዕከል፣ በስድስት ወር ከጥቂት ሳምንት አሠልጣኝ ሆኛለሁ። ሰዎች ይህንን በንቀት ሲያነሡት እሰማለሁ፤ ነገር ግን በየቀኑ በውሃ ውስጥ መሆን በዓመት አሥር ጠለቃ እየጠለቁ አሥር ዓመት ከመቆየት የማይሰጠው ነገር አለ፤ ሰውነትዎ መሣሪያውን ይለምደዋል፣ ትንፋሽዎ ይረጋል፣ የመንሳፈፍ ሚዛንዎ ሳያስቡት የሚመጣ ይሆናል። ሙሉ ጊዜውን ለዚህ መስጠት ለሚችል ሰው አጭሩ መንገድ ስህተት ነው ብዬ አላምንም።

ጉድለቱንም ልናገር፤ መቶዎቹ ጠለቃዎቼ ከሞላ ጎደል በሙቅ፣ በጠራና በጸጥተኛ ውሃ የተደረጉ ነበሩ። የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ጅረት ባለበት ቦታ ነበር። ጀልባው ላይ ቆሜ ለቡድኑ ማብራሪያ ስሰጥ አንዲት ደንበኛ “ጅረቱ ቢለያየን ምን እናድርግ?” ብላ ጠየቀችኝ። የመጽሐፉን መልስ ሰጠኋት፤ ነገር ግን እኔ ራሴ ያንን ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ አድርጌው አላውቅም ነበር። በዚያ ቀን ምንም አልደረሰም። ማታ ግን ለኃላፊዬ ነገሩን ገለጽኩለትና ለሁለት ሳምንት ከሌላ መሪ ኋላ እንድጠልቅ ጠየቅሁት፤ ፈቀደልኝ።

ሃያ ዓመት በባሕር

ፈጣን መንገድ፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። ያንን ለኃላፊዎ መንገርዎ ከማንኛውም ሰርተፊኬት በላይ ስለ እርስዎ ይናገራል። በአንድ ነገር ግን እለያለሁ። ከጠለቃው ብዛት በተጨማሪ ሰው ፍርድ የሚያካብትበት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ማለትም ዛሬ አንጠልቅም የሚል ውሳኔ በሌላ ሰው ሲወሰን በቂ ጊዜ ማየት አለበት። ያንን ሳያይ አሠልጣኝ የሆነ ሰው፣ ስምንት ደንበኞች ከፍለው ጀልባው ላይ ተቀምጠው ሳለ ማዕበሉን አይቶ “እንመለስ” ለማለት ድፍረቱን ከየት ያመጣዋል?

ስለ አሠልጣኝ ሥራ ጫናም አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም በማስታወቂያዎች ላይ አይጻፍም። በኦፕን ዋተር ኮርስ ውስጥ ተማሪው አየር አልቆበት ቢሆን ኖሮ የሚያደርገውን ቁጥጥር ያለው የአደጋ ጊዜ አወጣጥ ይለማመዳል። ከ6 እስከ 9 ሜትር ካለ ጥልቀት፣ ሬጉሌተሩን ከአፉ ሳያወጣ፣ ያለማቋረጥ አየር እያወጣ ወደ ገጹ ይወጣል። ተማሪው ይህንን አንድ ጊዜ ያደርጋል። አሠልጣኙ ግን ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር ወጥቶ እንደገና መውረድ አለበት። በደንቡ የሚፈቀደው ከፍተኛ ቁጥር በአንድ አሠልጣኝ ስምንት ተማሪ ነው፤ ስምንት ጊዜ መውጣትና ስምንት ጊዜ መውረድ ማለት ነው። በሰውነት ውስጥ የተከማቸ ናይትሮጅን በተደጋጋሚ ሽቅብ መውጣትን አይወድም። እኔ ይህንን ልምምድ ከዕለቱ ጥልቅ ጠለቃ በኋላ ፈጽሞ አላደርገውም፤ ተማሪዎቹም ከአራት ከበለጡ ለሁለት ቀን እከፍለዋለሁ። ማዕከሉ ጊዜ ስለሌለ በአንድ ቀን ጨርስ ቢለኝ እምቢ እላለሁ፤ አንድ ጊዜም እምቢ ብዬ ከሥራ ወጥቻለሁ። ዛሬም ያው ቦታ ላይ ብቆም ያንኑ አደርጋለሁ።

የግፊት ክፍል ነርስ

በመጨረሻ የተነሣው ጉዳይ እኔን በቀጥታ ይመለከተኛል። የጠለቃ ሕመም (የተከማቸው ናይትሮጅን ሽቅብ ሲወጡ በሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሆን የሚመጣው) የደረሰባቸው ሰዎች በሚታከሙበት የግፊት ክፍል እሠራለሁ። ወደ እኛ ከሚመጡት መካከል ባለሙያዎች ዘግይተው ሲመጡ ማየት ያሳዝነኛል። መዝናኛ ጠላቂው ትከሻው ቢቆረጥመው ወዲያውኑ ይናገራል፤ አሠልጣኙ ግን ሲሊንደር ሳነሣ ነው ያመመኝ ይልና በማግሥቱ ይጠልቃል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ያልተለመደ ድካም፣ የእጅና እግር መደንዘዝ ከጠለቃ በኋላ ከታዩ መቶ በመቶ ኦክስጅን መጀመርና ሐኪም ማማከር ነው፤ ሕመሙ በራሱ ቢቀንስ እንኳ።

አዲስ ጠላቂ፣ ዕድሜዎ ከዚህ ሙያ አያግድዎትም። 50ን አልፈው የጀመሩ ጥሩ አሠልጣኞችን አውቃለሁ። ነገር ግን ሥራ ከመልቀቅዎ በፊት የጠለቃ ሕክምና ወደሚያውቅ ሐኪም ይሂዱና ሙሉ ምርመራ ያድርጉ። የጤና ቅጹ ላይ ስለ አስም፣ ስለ ልብ፣ ስለ ጆሮና ስለ ሳንባ የሚጠየቀው ለይስሙላ አይደለም፤ ከ45 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ደግሞ ስለ ማጨስ፣ ስለ ኮሌስትሮልና ስለ ደም ግፊት የሚጠይቅ የተለየ ክፍል አለው። በአንዳንድ አገሮች ለደመወዝ የሚጠልቅ ሰው ከዚህም በላይ ይጠየቃል፤ ለምሳሌ በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የሥራ ላይ ጠለቃ ደንብ መሠረት በተፈቀደለት ሐኪም የተሰጠ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ገንዘብዎን በሥልጠና ላይ ካፈሰሱ በኋላ መጥለቅ እንደማይችሉ ከማወቅ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ጆሮ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። በየቀኑ ከሦስትና አራት ሰዓት በላይ በውሃ ውስጥ የሚውል ሰው የጆሮው ቦይ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሚሆን በቀላሉ ይመረቅዛል። ከጠለቃ በኋላ በንጹሕ ውሃ ማጠብና ማድረቅ፣ ሲያመም ደግሞ ማረፍ ነው። ጉንፋን ይዞ በመድኃኒት አፍንጫን ከፍቶ መግባት በጣም አደገኛ ልማድ ነው፤ መድኃኒቱ ከታች ሳሉ ቢያልቅ በሲነስዎ ውስጥ የታሰረው አየር ሲወጡ መውጫ ያጣል። ሌላው ውሃ መጠጣት ነው፤ ከሲሊንደር የሚተነፍሱት አየር ደረቅ ነው፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው።

የዕረፍት ቀንዎ ላይ ወደ ቤተሰብዎ ለመብረር ካሰቡም፣ ለተከታታይ ቀናት ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት እንዳለብዎት የሥራ ሰሌዳዎ ውስጥ ያስገቡት። ኢንሹራንስንም አይርሱ፤ ዳን እየተባለ የሚጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የጠላቂዎች የድንገተኛ ዕርዳታ መረብ ለአባላቱ ሽፋን ይሰጣል። የራስዎ የሕክምና ሽፋንና ተማሪ ቢጎዳ የሚሸፍነው የሙያ ኃላፊነት ዋስትና ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የማዕከል ኃላፊ

ሰው እየቀጠርኩ ለረጅም ጊዜ ስለቆየሁ ስለ ኑሮው ጥያቄ እኔ ልመልስ። መኖር ይቻላል፤ ሀብት ማፍራት ግን አይጠበቅም። በብዙ ቦታ የአዲስ አሠልጣኝ ገቢ ቋሚ ደመወዝ ሳይሆን በሚያሠለጥነው ተማሪ ልክ የሚከፈል ነው፤ ስለዚህ ወቅቱ ሲቀዘቅዝ ገቢውም አብሮ ይቀዘቅዛል። በታይላንዷ ኮ ታኦ ደሴት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ዝናብና ማዕበል ይበረታል፤ በማልዲቭስ ምርጡ ጊዜ ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው፤ በቀይ ባሕር፣ በግብጾቹ ዳሃብና ሁርጋዳ ደግሞ ዓመቱን በሙሉ ይሠራል፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን ቀዝቃዛ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ወቅትን ተከትለው ይዘዋወራሉ። ቤተሰብ ያለው ሰው ግን ይህ ቀላል አይደለም፤ ቢያንስ ለስድስት ወር የሚሆን ስንቅ ሳይዙ ሥራዎን አይልቀቁ።

የሥራ ፈቃድ ጉዳይም አለ። በቱሪስት ቪዛ መሥራት በብዙ አገር ሕግ መጣስ ነው፤ ታይላንድ ውስጥም የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ፣ ወጪውን ማን እንደሚችል ከመሄድዎ በፊት በጽሑፍ ይያዙት።

ማመልከቻ ሲደርሰኝ የጠለቃ ብዛት መጨረሻ ነው የምመለከተው። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው፤ ደንበኛ የደኅንነት ማብራሪያን በደንብ በሚያውቀው ቋንቋ መስማት አለበት፤ ስለዚህ ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሰው ተፈላጊ ነው። ሁለተኛው ከቀድሞ ሙያው ይዞት የሚመጣው ነገር ነው። እርስዎ ለዓመታት ቢሮ ውስጥ ሠርተዋል፤ መርሐ ግብር ማውጣት፣ ሒሳብ መያዝ፣ የተቆጣ ደንበኛን ማነጋገር ይችላሉ ማለት ነው። ይህንን እንደ ኪሳራ አይቁጠሩት። ከ22 ዓመት ወጣት ጋር ሲነጻጸሩ ብዙ ደንበኞች በዕድሜ ለበሰለ ሰው ራሳቸውን በቀላሉ አሳልፈው ይሰጣሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። የመዝናኛ ጠለቃ ሰርተፊኬት በውሃ ውስጥ ብየዳ፣ በግንባታ ወይም በዘይት መድረክ ላይ ለመሥራት አያበቃም፤ ያ ፍጹም የተለየ ሥልጠና ያለው የኢንዱስትሪ ጠለቃ ነው። ወደዚያ በኋላ እሻገራለሁ ብለው ያሰቡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ያዝናሉ።

አዲስ ጠላቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሃያ ዓመት በባሕር ያነሡትን ጥያቄ ለሁለት ቀን ሳሰላስለው ቆየሁ። ባለፈው ጉዞ ላይ አብሮኝ የጠለቀው ሰው አየሩ ከ50 ባር በታች ወርዶ ሳለ ሳይነግረኝ ሲቀር፣ ከዓሣዎቹ ይልቅ የእሱ የግፊት መለኪያ ሙሉ ቀን በዓይኔ ላይ ይዞር ነበር። መልሱ እዚያ ያለ ይመስለኛል።

ስለ ነጻ ሥልጠናው ግን ማንም አልመለሰልኝም። የተላከልኝ ደብዳቤ “ለሦስት ወር በማዕከሉ ሥራዎች ላይ ያግዛል” ይላል፤ ሌላ ዝርዝር የለውም።

የማዕከል ኃላፊ

ረስቼው ነው፤ ይቅርታ። በአገልግሎት ምትክ ሥልጠና መስጠት በራሱ ክፉ አይደለም፤ እኔም አደርገዋለሁ። መጥፎ የሚሆነው ሠልጣኙ ርካሽ ሠራተኛ ሲሆንና ሥልጠናው በየቀኑ ለነገ ሲተላለፍ ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራሉ? የዕረፍት ቀን አለ? በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠልቃሉ፣ ከእነዚያስ ስንቱ ለሥልጠናዎ የተመደበ ነው? ኃላፊነቱን የሚወስደው አሠልጣኝ ማን ነው? በመካከል ቢታመሙ ምን ይሆናል? የመማሪያ ጽሑፎችንና የሰርተፊኬት ማውጫውን ማን ይከፍላል? እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቁ።

አንዱን ግን ለይቼ ላንሣው። በሥልጠና ላይ ያለ ሰው ገና የተመሰከረለት ረዳት ሆኖ አይቆጠርም። አሠልጣኙ ተጨማሪ ተማሪ ለመያዝ እርስዎን እንደ ረዳት ከቆጠረ፣ ወይም ደንበኞችን ለብቻዎ ይዘው እንዲጠልቁ ከላከዎት፣ ደንቡ ተጥሷል፤ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንስም አይቆምልዎትም። “በሦስተኛው ሳምንት ደንበኛ ለብቻህ ትመራለህ” ብሎ የሚያጓጓ ማዕከል እንደ ዕድገት ቢያቀርበውም እንኳ ይራቁት።

ማዕበል

በዚያ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ከመፈረምዎ በፊት እዚያ ሥልጠናቸውን የጨረሱ ሁለት ሰዎች ጋር ያገናኙዎት። ማዕከሉ ራሱ ከመረጠልዎት አንድ፣ እርስዎ በራስዎ ካገኙት አንድ።

አዲስ ጠላቂ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ላክሁ። ስለ ዕረፍት ቀንና ስለ ሥራ ሰዓት “እዚህ ሲመጡ እንነጋገራለን” የሚል መልስ ደረሰኝ፤ ሁለተኛ ጊዜ ስጠይቅ ግን መልስ አላገኘሁም። በእምቢታ ተውኩት።

በሐኪም ተመርምሬ ጤንነቴ ተረጋግጧል። የመጀመሪያ ዕርዳታ ኮርሱን ጨርሼ፣ በሚቀጥለው ወር ለሚጀመረው የሬስኪዩ ኮርስም ከአሠልጣኙ ጋር ከተገናኘሁና ሲያስተምር አንድ ቀን ከተመለከትኩት በኋላ ተመዝግቤአለሁ። የቢሮ ሥራዬን ገና አልለቀቅሁም፤ ዳይቭማስተሩን በዓመት ፈቃዴና በቅዳሜና እሑድ እሠራዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እስከ 60 ለመድረስ የቀሩኝን ጠለቃዎች እንዴት ብጠልቃቸው ይጠቅመኛል?

ሃያ ዓመት በባሕር

ግማሹን ብዙ ርቀት በማያሳይ፣ በቀዘቀዘ ወይም ጅረት ባለበት ውሃ፣ ከእርስዎ የተሻለ ልምድ ካለው ሰው ጋር። ግማሹን ደግሞ ገና ከጀመረ ጠላቂ ጋር። ከእያንዳንዱ ጠለቃ በኋላ በመዝገብዎ ላይ ጥልቀቱንና ደቂቃውን ብቻ ሳይሆን፣ አብሮዎት የጠለቀው ሰው ስንት ባር ይዞ እንደገባና ስንት ባር ይዞ እንደወጣ፣ ሳይጠይቁት ገምተው ይጻፉ። ከዚያ ይጠይቁት። ልዩነቱ ከ20 ባር በታች ሲሆንልዎት እዚህ ይጻፉልኝ።